ለንቦች የሚሆን አገር በቀል ጦስኝ በግቢ ውስጥ ስለማልማት

ጥያቄ
ከደጋዊት

ጤና ይስጥልኝ።

ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በሚገኘው ግቢያችን ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ የማይለየው፣ ሦስት በአራት ሜትር የሚሆን ባዶ ቦታ አለ። ይህን ቦታ ሣር ከማልበስ ይልቅ ለንቦች፣ ለቢራቢሮዎችና አበባ ላይ ለሚሰማሩ ሌሎች ነፍሳት የሚጠቅም የአበባ መደብ ላደርገው ወስኛለሁ። የመደቡ ዋነኛ ተክል አገር በቀሉ ጦስኝ እንዲሆን እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም አንድ ጊዜ ከተተከለ ለዓመታት የሚቆይ፣ መዓዛው የሚያስደስትና በደጋው አየር ተወልዶ ያደገ ተክል ስለሆነ፣ ከሩቅ አገር ከመጡት ጌጠኛ አበቦች ይልቅ እዚሁ ለሚኖሩት ነፍሳት የሚስማማ መስሎ ይታየኛል።

ሆኖም ከመትከሌ በፊት ግልጽ እንዲሆኑልኝ የምፈልጋቸው ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው የዝርያው ጉዳይ ነው። በችግኝ ጣቢያ ውስጥ «ጦስኝ» ተብለው የሚሸጡ ሁለት ዓይነት ችግኞችን አይቻለሁ፤ አንዱ ቀጥ ብሎ የሚያድግ፣ ግንዱ ከታች እንጨት መሰል የሆነና ቅጠሉ ጠባብ ሆኖ ወደ ግራጫነት የሚያደላ ነው፤ ሌላው መሬት ለመሬት የሚሳብ፣ ቅጠሉ ሰፋ ያለና ጥርት ያለ አረንጓዴ ነው። ሻጮቹ ሁለቱም አንድ ናቸው ቢሉኝም እኔ ግን አልተዋጠልኝም።

ሁለተኛው አፈሩ ነው። የግቢያችን አፈር መረሬ ስለሆነ በክረምት ውሃ ያቁራል፤ በበጋ ደግሞ ይሰነጣጠቃል። ጦስኝ በድንጋያማና በተዳፋት ቦታ እንደሚበቅል ስለማውቅ እንዲህ ያለው አፈር ውስጥ ይጸድቃል ብዬ ለማመን ይከብደኛል። አፈሩን እንዴት ላዘጋጀው? በዘር ወይስ ከሌላ ተክል በተቆረጠ ቅርንጫፍ ማራባት ይሻላል? ከሁሉም በላይ ግን፣ ይህን የምታህል ትንሽ መደብ ለንቦች በእርግጥ የሚጠቅም ነገር ትሆናለች ወይስ ለእኔ ዓይን ብቻ ነው የምታምረው? ከጦስኙ ጋር አብረው ቢተከሉ መልካም የሚሆኑትንም ብትጠቁሙኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ምላሽ
ከባለመደብ

እህታችን ደጋዊት፣ ጥርጣሬዎ ተገቢ ነው፤ ያዩዋቸው ሁለቱ ችግኞች አንድ አይደሉም።

በአገራችን በተፈጥሮ የሚበቅሉት የጦስኝ ዝርያዎች ሁለት ሲሆኑ ሳይንሳዊ ስማቸው ታይመስ ሺምፔሪ እና ታይመስ ሴሩላተስ ነው። ሁለቱም የደጋና የውርጭ ተክሎች ናቸው፤ ከ2200 ሜትር አካባቢ ጀምሮ እስከ 4000 ሜትር በሚደርስ ከፍታ ላይ በገላጣ ሣራማ ቦታ፣ በዓለት ጥግና በመንገድ ዳር ይገኛሉ። የመጀመሪያው ከባሌ ተራሮች ጀምሮ በሸዋ፣ በወሎና በጎንደር ደጋዎች ተስፋፍቶ ይታያል፤ ሁለተኛው ይበልጥ የሰሜኑ ሲሆን በቅጠሉ ጠርዝ ላይ ባሉት ደቃቅ ጥርሶች ይለያል። ቀጥ ብሎ የሚያድገውና ግራጫ የሚመስለው ችግኝ ግን ታይመስ ቩልጋሪስ የሚባለው፣ መነሻው የሜዲትራንያን አካባቢ የሆነው ዝርያ ሳይሆን አይቀርም። ለማረጋገጥ አንድ ቅጠል ቀጥፈው ገልብጠው ይመልከቱት፤ ጠርዙ ወደ ውስጥ የተጠቀለለና የታችኛው ገጹ ነጣ ባለ ጸጉር የተሸፈነ ከሆነ የውጭው ነው። የእኛው ዝርጋ ያለና ሞላላ ነው፤ ወደ ብርሃን አንሥተው ሲያዩት የመዓዛማ ዘይቱ ከረጢቶች እንደ ነጠብጣብ ሆነው ይታያሉ፤ መሬት የነካው ቅርንጫፉም ከየአንጓው ሥር ያወጣል።

የውጭውን ዝርያ ንቦች አይጎበኙትም ማለቴ አይደለም፤ በሚገባ ይጎበኙታል። ነገር ግን እርስዎ ባሉበት ከፍታ የክረምቱን ርጥበትና የጥቅምትና የኅዳርን ውርጭ ለዘመናት ለምዶ የኖረውን ተክል ትቶ ሌላውን መምረጥ በቂ ምክንያት ያለው አይመስለኝም። የአበባ መደብ ዋጋው በመጀመሪያው ዓመት በሚያሳየው ውበት ሳይሆን በአራተኛውና በአምስተኛው ዓመት ያለ ብዙ እንክብካቤ በሚሰጠው አበባ ነው።

አሁን ወደ አፈሩ ልመለስ፤ ምክንያቱም ጦስኝ በግቢ ውስጥ የሚሞትበት ዋነኛው ምክንያት ብርድም ድርቅም ሳይሆን በሐምሌና በነሐሴ ሥሩ ዙሪያ የሚቆም ውሃ ነው። መረሬ አፈር በጣም ደቃቅ ከሆኑ ቅንጣቶች የተሠራ ስለሆነ ውሃ ሲጠግብ አየር የሚያልፍበት ክፍተት አይኖረውም፤ አየር ያጣ ሥር ደግሞ ለሥር አበስባሽ ፈንገሶች ይጋለጣል። ብዙ ሰዎች ለዚህ መፍትሔ ብለው ጥቂት አሸዋ ከመረሬው ጋር ይቀላቅላሉ፤ ይህ ግን አይበጅም። አሸዋው ትንሽ ከሆነ ደቃቁ አፈር በአሸዋው ቅንጣቶች መካከል ገብቶ ይሞላውና ይበልጥ የጠጠረ ነገር ይሆናል። ከመረሬው ጋር ከመታገል ከላዩ ከፍ ያለ መደብ መሥራት ይሻላል።

መደቡ ከመሬቱ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል፤ ዙሪያውን በድንጋይ ይደግፉት፤ ድንጋዮቹ መካከል ግን ሲሚንቶ አያድርጉ፤ ውሃው በክፍተቶቹ መውጣት አለበትና። ለመሙያው ከሁለት እጅ ቀለል ያለ አፈር ጋር አንድ እጅ ሻካራ አሸዋ ወይም ቀዳዳማ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ያደባልቁ፤ ብስባሽ ቢጨምሩ ከጠቅላላው አንድ አሥረኛ አይለፍ። የመደቡን ላይ ትንሽ ተዳፋት ያድርጉት፤ በግርጌውም ውሃውን የሚያርቅ ጠባብ ቦይ ይኑረው። በነገራችን ላይ ችግኝዎን ለጊዜው በማሰሮ የሚያቆዩ ከሆነ ውሃ እንዲያጠነፍፍ ብለው ከታች ጠጠር አይደርድሩ፤ ውሃ ከደቃቁ አፈር ወደ ሻካራው ጠጠር በቀላሉ ስለማይወርድ ጭቃው ወደ ሥሩ ከፍ ብሎ ይቆማል እንጂ አይጠነፍፍም። ማሰሮውን ከላይ እስከ ታች በአንድ ዓይነት ድብልቅ መሙላት ነው የሚሻለው።

ፍግ አይጨምሩ። ይህን አጥብቄ የምናገረው፣ ተክልን የሚወድ ሰው እጁ ሁልጊዜ ወደ ፍግ ስለሚሄድ ነው። ጦስኝ ከለመደው በላይ ናይትሮጅን ሲያገኝ ለስላሳና ረጃጅም ቅርንጫፍ ያወጣል፤ ቅርንጫፉ ይጋደማል፤ አበባው ይቀንሳል፤ መዓዛውም ይደክማል። ጉዝጓዝ ከፈለጉ ገለባና ደረቅ ሣር የአንገቱን ዙሪያ ርጥብ አድርገው ስለሚያቆዩት፣ በምትኩ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ጠጠር ይነጥፉለት። ጠጠሩ ከዝናብ ጋር የሚፈናጠረው ጭቃ ቅጠሉን እንዳይለብሰው ይከላከላል፤ ቀን የተቀበለውን ሙቀትም ማታ ማታ ይሰጣል።

ስለ ማራባቱ፣ በዘር ማራባት ይቻላል፤ ዘሩ ግን እጅግ ደቃቅ ነው፤ ለመብቀልም ብርሃን ይፈልጋል። ስለዚህ በአፈር ሳይሸፍኑ ከላይ በትነው ጫን ብቻ ማድረግና ውሃውን በርጭት መስጠት ያስፈልጋል። በቁርጥራጭ ማራባት ፈጣንና አስተማማኝ ነው። አበባ ካላወጣ ለጋ ቅርንጫፍ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ይቁረጡ፤ የታችኛውን ግማሽ ቅጠል ያራግፉ፤ ርጥብ በሆነ አሸዋማ ድብልቅ ውስጥ ይስኩት፤ ከቀጥታ ፀሐይም ይከልሉት። ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ሥር ይይዛል፤ ቀስ አድርገው ሲስቡት አልላቀቅም ካለዎት ሥር ይዟል ማለት ነው። እኔ የምመክረው በግንቦት ቆርጠው ክረምቱን በጥላ ሥር ካሳለፉት በኋላ፣ በመስከረም መጨረሻ ዝናቡ ሲቀንስ በ25 ወይም በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ወደ መደቡ እንዲያዛምቱት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። በብዙ የጦስኝ ዝርያዎች ውስጥ ወንዴና ሴቴ ክፍሎችን ባንድነት የያዘ አበባ የሚያወጡ ተክሎችና የሴቴ አበባ ብቻ የሚያወጡ ተክሎች ጎን ለጎን ይኖራሉ። ሴቴ ብቻ የሆነው ተክል ወለላ ቢሰጥም የአበባ ብናኝ አይሰጥም። ቁርጥራጩን በሙሉ ከአንድ እናት ተክል ብቻ ከወሰዱ መደብዎ በሙሉ የአንድ ተክል ቅጂ ስለሚሆን፣ ያ ተክል ሴቴ ከሆነ ብናኝ ፈልጋ የምትመጣ ንብ ባዶ እጇን ትመለሳለች። ስለዚህ ቢያንስ ከአራት ወይም ከአምስት የተለያዩ እናት ተክሎች ይውሰዱ።

ምላሽ
ከንብ አናቢው

ባለመደብ ስለ አፈሩ የጻፉት የተሟላ ስለሆነ እኔ የምጨምርበት የለኝም፤ «ትንሽ መደብ ለንቦች ትጠቅማለች ወይ?» ለሚለው ግን እንደ ንብ አናቢ ልመልስ።

የማር ንብ ለቀሰማ ከቀፎዋ አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር፣ ሲያስፈልጋትም ከዚያ በላይ ርቃ ትሄዳለች። ስለዚህ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ላሉት አንድ የማር ንብ መንጋ፣ አሥራ ሁለት ካሬ ሜትር አበባ ብቻውን ቀለብ ሊሆን አይችልም፤ ከሰፊው አካባቢ ከምትሰበስበው ላይ የሚጨመር ነው። ነገር ግን አበባ ላይ የሚሰማሩት የማር ንቦች ብቻ አይደሉም። በመንጋ ሳይሆን በነጠላ የሚኖሩ፣ መጠናቸው ከሩዝ ቅንጣት የማይበልጥም ጭምር ያሉባቸው በርካታ የዱር ንቦች አሉ፤ ብዙዎቹ ከጎጆአቸው ከጥቂት መቶ ሜትሮች በላይ አይርቁም። ለእነዚህ ንቦች የእርስዎ መደብ ትርፍ ሳትሆን አገራቸው ናት። ትንሽ መደብ ዋጋዋ የሚታወቀው ከእነርሱ አንጻር ሲታይ ነው።

ጦስኝ ለዚህ ዓላማ የሚመረጥበት ምክንያት በአበባው አሠራር ላይ ይገኛል። አበባው ትንሽ ሐምራዊ ወይም ሮዝ ሲሆን ቱቦው አጭር ስለሆነ ወለላው ረጅም ምላስ ላላቸው ብቻ የተከለለ አይደለም። የማር ንብ፣ ደቃቃዎቹ የዱር ንቦች፣ ንብ የሚመስሉት የአበባ ዝንቦችና ትናንሽ ቢራቢሮዎች ሁሉ ይደርሱበታል። በጸጥታ ጎንበስ ብለው ቢመለከቱ ንቢቱ ከአንዱ ራስ አበባ ወደ ሌላው እየተራመደች እንጂ እየበረረች እንዳልሆነ ያያሉ፤ አበቦቹ እጅግ የተቀራረቡ ስለሆኑ ለመብረር የምታጠፋውን ጉልበት ትቆጥባለች። የማር ንብ በአንድ ጉዞ ብዙውን ጊዜ በአንድ ዓይነት አበባ ላይ ስለምትጸና፣ ጦስኙን እዚህም እዚያም አንድ አንድ ችግኝ አድርገው ከመበተን ቢያንስ አንድ ካሬ ሜትር የሚሆነውን ባንድ ላይ ቢተክሉት የበለጠ ይጎበኛል።

ታይሞል የሚባለው ንጥረ ነገር በጦስኝ መዓዛማ ዘይት ውስጥ ከካርቫክሮል ጋር ዋነኛውን ቦታ ይይዛል፤ ቫሮዋ የተባለችውን የንብ ተባይ ለመከላከልም ለብቻው ተዘጋጅቶ ቀፎ ውስጥ ይቀመጣል። ከዚህ ተነሥተው «ቀፎ አጠገብ ጦስኝ መትከል ንቦችን ከቫሮዋ ይፈውሳል» የሚሉ አሉ። ይህ ትክክል አይደለም፤ ቀፎ ውስጥ የሚሠራው በተወሰነ መጠን እየተነነ አየሩን የሚሞላ የተጣራ ታይሞል እንጂ ከውጭ ያለ ተክል ሽታ አይደለም። ጦስኙን ለአበባው ብለው ይትከሉት።

አብረውት ስለሚተከሉት፣ ዋናው ሐሳብ አበባው በአንድ ወር ጎርፎ በሌላው ወር እንዳይነጥፍ ማድረግ ነው። በደጋው ጦስኝ አበባው የሚበረታው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው፤ በዚያው ወቅት ግን አደይ አበባውም ማገጡም በየሜዳው ስለሚያብብ ንቦች የምግብ ችግር የለባቸውም። ችግሩ የሚመጣው እነዚህ ከደረቁ በኋላ ነው። ስለዚህ በአጥሩ ላይ ግራዋ ይትከሉ፤ ከታኅሣሥ ጀምሮ በበጋው ወራት የሚያወጣው ነጭ አበባ በዚያ ደረቅ ጊዜ ንብ አናቢ ሁሉ የሚተማመንበት ነው። ዳማከሴም የጦስኝ የሥጋ ዘመድ ስለሆነና ንቦች ስለሚወዱት በመደቡ ጀርባ ቢኖር መልካም ነው። አደይ አበባን ከወደዱ ዘሩ ሲደርቅ ሰብስበው ከክረምቱ ዝናብ በፊት ይበትኑት፤ ሆኖም ቁመቱ ጦስኙን ስለሚያጠላበት ከጦስኙ መካከል ሳይሆን ከመደቡ ውጭ ይሁን።

ሌላው ሰዎች የማያስቡት ነገር የመኖሪያ ቦታ ነው። በነጠላ ከሚኖሩት ንቦች አብዛኞቹ ጎጆአቸውን የሚቆፍሩት በመሬት ውስጥ ነው፤ የጣዝማ ማር የምትሰጠው መንደፊያ አልባዋ ንብም የምትኖረው ከመሬት በታች ባለ ክፍተት ነው። ግቢው በሙሉ በሲሚንቶ፣ በሣርና በጠጠር ከተሸፈነ አበባው ቢኖርም ቤት አይኖራቸውም። ስለዚህ ፀሐይ ከሚያገኘው ጥግ አንድ ክንድ ያህል ቦታ ሳይቆፈርና ሳይሸፈን ባዶ አፈር ሆኖ ይቀመጥ። ጠፍጣፋ ሳህን ላይ ጠጠሮች ደርድረው ጠጠሮቹን ሳይሸፍን ውሃ ቢያኖሩም ንቦች ሳይሰጥሙ ይጠጣሉ።

በመጨረሻም በመደቡ ላይ ምንም ዓይነት ፀረ ተባይ አይርጩ። ጦስኝ በተባይ ብዙ የሚጠቃ ተክል አይደለም፤ ክሽክሽ ቢወርድበት በውሃ ግፊት ማጠብ ይበቃል። ችግኝ ሲገዙም በምን እንደታከመ ይጠይቁ። ኒዮኒኮቲኖይድ የሚባሉት ኬሚካሎች በተክሉ ሰውነት ውስጥ ተዘዋውረው ወደ ወለላውና ወደ ብናኙ ስለሚገቡ፣ ለንብ ብለው የተከሉት አበባ ንብ የሚመርዝ ይሆናል። የአውሮፓ ኅብረት ከእነዚህ ኬሚካሎች ሦስቱ ከቤት ውጭ በሚገኝ ሰብል ላይ እንዳይውሉ እ.ኤ.አ. በ2018 የከለከለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ምላሽ
ከደጋ ሰው

እኔ ጦስኝ በሜዳው በሚበቅልበት አገር ስላደግሁ ከላይ ከተጻፉት ላይ አንዲት የምጨምራትና አንዲት የማልስማማባት ነጥብ አለኝ።

የምጨምራት ስለ ሰርዶ ነው። ጦስኝ መሬት ለመሬት የሚሳብ አጭር ተክል ስለሆነ በሜዳ ላይ የሚኖረው ሣሩ በግጦሽ በሚያጥርበትና አፈሩ ስስ በሆነበት ቦታ ነው። በግቢ ውስጥ ከብት የለም፤ አፈሩም ወፍራም ነው፤ ስለዚህ ሰርዶ ከገባ በአንድ ክረምት ውስጥ ያለብሰዋል። ከጦስኙ ሥር ጋር ከተጠላለፈ በኋላ ሰርዶውን ነቅሎ ጦስኙን ማትረፍ አይቻልም ማለት ይቻላል። መደቡ ከመሠራቱ በፊት በጋውን ሙሉ ቦታው ተቆፍሮ የሰርዶው ሥር አንድ በአንድ ተለቅሞ ፀሐይ ላይ ይድረቅ። ይህ ሥራ አሰልቺ ነው፤ ግን ከዚህ የሚበልጥ ሥራ የለም።

የማልስማማባት ደግሞ ስለ ውርጭ ነው። የአገር በቀሉ ተክል ውርጭ ይችላል መባሉ ለቆየው ተክል እውነት ነው፤ በመስከረም መጨረሻ ለተዛመተው ለጋ ችግኝ ግን ኅዳርና ታኅሣሥ ከባድ ናቸው። ብርዱ ብቻ ሳይሆን ሌሊት የቀዘቀዘው አፈር ሲያብጥና ቀን ሲቀልጥ ገና ያልያዘውን ሥር ወደ ላይ ያወጣዋል። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት ማታ ማታ በስስ ጨርቅ ወይም በደረቅ ቅጠል ይሸፈን፤ ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ይገለጥ። ከየችግኙ ጎን የጭብጥ ያህል ድንጋይ ማስቀመጥም ይረዳል፤ በሜዳም ጦስኝ ድንጋይ ተጠግቶ የሚበቅለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ከሁሉም በላይ ግን ልለምንዎ የምፈልገው፣ ችግኙን ከሜዳ አስነቅለው እንዳያመጡ ነው። ጦስኝ በገበያ ላይ የሚታየው አብዛኛው ከዱር የተሰበሰበ ነው፤ የሚሰበሰበውም ብዙ ጊዜ ከነሥሩ ስለሚነቀል ቦታው በየዓመቱ እየሳሳ ነው። የሜዳውን ጦስኝ የዱር ንቦች የሚመገቡት ስለሆነ፣ እነርሱን ለመርዳት በተሠራ መደብ ምክንያት የእነርሱ ቀለብ መነቀል የለበትም። በስሜንና በባሌ ብሔራዊ ፓርኮች ክልል ውስጥ ደግሞ ተክል መንቀል ክልክል ነው። በግቢው ካለው ሰው ቁርጥራጭ ይለምኑ፤ አንድ የቆየ ተክል ሳይጎዳ ብዙ ቁርጥራጭ ይሰጣል። የወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማዕከል በመዓዛማና በመድኃኒት ዕፅዋት ላይ፣ የሆለታ ንብ ምርምር ማዕከል ደግሞ በንብ ዕፅዋት ላይ ስለሚሠሩ እነርሱን መጠየቅም ይበጃል።

ተጨማሪ ጥያቄ
ከደጋዊት

ሁላችሁም ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመለሳችሁልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ሰርዶውን ከዛሬ ጀምሮ ማስለቀም እጀምራለሁ፤ ችግኙንም ከተለያዩ ጓሮዎች በተቆረጡ ቅርንጫፎች አዘጋጃለሁ። ሁለት ነገሮች ግን ቀርተውኛል። አንደኛው፣ ከጦስኙ ለቤት የሚሆን ቅጠል መቁረጥ እፈልጋለሁ፤ ይህ ለንቦች የታሰበውን አበባ አያሳጣም ወይ? ሁለተኛው፣ በግቢው ውስጥ ሕፃናት ስላሉ ንቦች መደቡ ላይ ሲበዙ ይናደፉ ይሆን ብለው የሚሰጉ ቤተሰቦች አሉኝ።

ምላሽ
ከባለመደብ

ስለ ችግኙ ውርጭ የተሰጠው እርማት ትክክል ስለሆነ በደስታ እቀበለዋለሁ፤ የእኔ ምክር የቆመው ለያዘው ተክል ነበር።

የቅጠሉ ጥያቄ ከባድ ነው፤ ምክንያቱም የጦስኝ መዓዛማ ዘይት የሚበረታው አበባ ሊያወጣ ሲል ነው፤ ሰውም ሊቆርጠው የሚፈልገው በዚያው ሰዓት ነው፤ ንብም የምትፈልገው ያንኑ ነው። ሁለቱን ማስታረቅ የሚቻለው መደቡን በመክፈል ነው። አንድ ሦስተኛውን ለቤት ብለው ይለዩና አበባው ከመፈንዳቱ በፊት ይቁረጡት፤ ሁለት ሦስተኛውን ግን አበባው ጨርሶ እስኪረግፍ አይንኩት። በሚቀጥለው ዓመት ክፍሎቹን ያቀያይሯቸው፤ በዚህ ዓይነት የትኛውም ተክል በየዓመቱ አይደክምም። በመጀመሪያው ዓመት ግን ከየትኛውም ክፍል ምንም አይቁረጡ፤ ተክሉ ሥሩን ይስደድ።

አበባው ካለቀ በኋላ መግረዝ ለተክሉ ዕድሜ አስፈላጊ ነው። ሳይገረዝ የቀረ ጦስኝ መካከሉ እየደረቀ እንጨት ብቻ ይሆናል። ከአረንጓዴው ክፍል አንድ ሦስተኛውን ብቻ ይግረዙ፤ ቅጠል ወደሌለው አሮጌ እንጨት አይውረዱ፤ ከዚያ ክፍል አዲስ ቅርንጫፍ እምብዛም አይወጣምና። አራት ወይም አምስት ዓመት ከቆየ በኋላ መካከሉ ባዶ መሆን ሲጀምር፣ በዳርቻው ሥር የሰደዱትን ቅርንጫፎች ቆርጠው በባዶው ቦታ ላይ ይትከሏቸው፤ መደቡ ራሱን በራሱ ይተካል።

ስለ ሕፃናቱ፣ ንብ የምትናደፈው በዋነኝነት ቀፎዋን ስትከላከል ነው፤ አበባ ላይ የተሰማራች ንብ ካልተጨበጠች ወይም ካልተረገጠች በስተቀር ሰው አትነካም። በነጠላ የሚኖሩት ደቃቃዎቹ ንቦች ደግሞ የሚከላከሉት መንጋም ማርም ስለሌላቸው የባሰ ጭምቶች ናቸው። እውነተኛው አደጋ ባዶ እግር ነው። ጦስኝ በእግር መንገድ ድንጋዮች መካከል ሲተከል እንደሚያምር የሚናገሩ አሉ፤ ሕፃናት ባዶ እግራቸውን በሚሮጡበት ግቢ ግን ይህን አያድርጉ። መደቡ ከመጫወቻውና ከመተላለፊያው ሁለት ሦስት ሜትር ይራቅ፤ ከቤተሰቡ መካከል በንብ ንድፊያ ክፉኛ የሚያብጥ ወይም የሚያፍነው ሰው ካለ ግን መደቡን ከመሥራትዎ በፊት ሐኪም ያማክሩ።

አረሙን ለመንቀልና ቅጠሉን ለመቁረጥ ማለዳን ይምረጡ፤ በደጋው ጠዋት አየሩ ከ10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ሲሆን የማር ንቦች ገና ከቀፎአቸው አይወጡም፤ ጤዛው እንደረገፈ የተቆረጠ ቅጠልም ፀሐይ ካቃጠለው ይልቅ መዓዛውን ይዞ ይቆያል። የተቆረጠውን በጥላ ሥር፣ አየር በሚያልፍበት ቦታ በስሱ ዘርግተው ያድርቁት።